በስህተት የዞረ ወንበር

ጉባኤው ታላቂቱን አባርራለሁ ብሎ ታናሺቱን አባረረ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። ስህተቱ በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ፣ በአንዲት ጥያቄ ሊታረም ይችል ነበር። ችግሩ የተባረረን ሰው ማንም አያናግርም፤ ለምን ተባረረ ብሎ መጠየቅም ከተባረረው ጋር መወገን ነው። እንዲህ ባለ ቦታ «ኧረ እኔ አይደለሁም!» ብሎ የሚጮህ ሰው ጆሮ ዳባ ልበስ ከመባል በቀር የሚያተርፈው ነገር የለም።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። በአዳራሹ ውስጥ እያንዳንዱ አባል የራሱ ወንበር አለው። ገና እግሩ መሬት ሳይነካ የተቀመጠበት ወንበር ላይ ነው የሚያረጀው። አንድ ሰው ወጣ ወይም አስወጡት ሲባል ስሙ አይጠራም፣ ጥፋቱም አይነገርም። በማለዳ፣ ሰው ከመግባቱ በፊት፣ ወንበሩን ፊቱን ወደ ኋላ ግድግዳ ያዞሩታል። በቃ። አባላቱ ሲገቡ ያያሉ፤ ካዩበት ደቂቃ ጀምሮ ያ ሰው ለእነሱ የለም። ሰላምታ የለም፣ አብሮ መብላት የለም፣ ለጥያቄው መልስ የለም። እናትም ብትሆን፣ ባልም ቢሆን። «ወንበሩ ዞረ» ይላሉ፣ ሌላው ሰው «ሞተ» እንደሚለው። ለሞተስ ቢያንስ ይለቀስለታል።

እህትማማቾቹ ሁለት ናቸው። ታላቂቱ የከተማ አውቶቡስ ትነዳለች፤ ተሳፋሪውን ሁሉ ወደ ኋላ ግባ፣ በሩን ልቀቅ እያለች ስለምታዝ «ሻለቃ» የሚል ስም ወጥቶላታል። ታናሺቱ መጋረጃ ትሰፋለች። እሷን ጉባኤው «ጭምት» ይላታል፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከሦስተኛው ረድፍ ተቀምጣ አንድም ጊዜ እጇን አውጥታ ጠይቃ አታውቅም። እናታቸው መበለት ናት፤ ትምህርት ቤት በደመወዝ፣ የጉባኤውን አዳራሽ ደግሞ በነፃ ታጸዳለች። ሁለቱም ልጆቿ አብረዋት ይኖራሉ።

አንድ ቀን ሻለቃ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ወደ ሰብሳቢው ቢሮ ገባችና አንድ ትንፋሽ ሳትወስድ፣ «አባባ፣ ከእንግዲህ አልመጣም። አላምንበትም፤ የማላምንበት ቦታ ተቀምጬ ወንበር አላሞቅም» አለቻቸው።

«ወንበርሽ ይዞራላ!» አሉ ሰብሳቢው። «እናትሽንስ አስበሻታል?»

«እሱን ለእኔ ይተዉልኝ። ዛሬ እነግራታለሁ።»

አልነገረቻትም። ሻለቃ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር አፍ ተካፍታ ፈገግ ብላ የምትመለስ ሴት ናት፤ እናቷን ማስለቀስ ግን ከበዳት። ዛሬ ነገ ስትል የጉባኤው ቀን ደረሰ። ያን ቀን ተረኛ ነኝ ብላ ጎሕ ሳይቀድ ወጥታ ሄደች፤ ጭምት እናቷን ይዛ ወደ አዳራሹ ሄደች።

ወንበር የማዞሩ ሥራ የአዳራሹ ጠባቂ ነው። «የመበለቷን ታላቅ ልጅ» ብለውታል ሰብሳቢው። ጠባቂው የመበለቷን ታላቅ ልጅ አሳምሮ ያውቃታል። በዝናቡ ወራት ጣሪያው ልክ በጭምት ወንበር ላይ ያንጠባጥብ ነበር፤ ጭምት ሳል ስለያዛት ሻለቃ «ተነሺ ከዚህ፣ ሳንባሽን ልታስበይው ነው?» ብላ ቦታ ቀየረቻት። ከዚያ በኋላ ጉባኤ በተካሄደ ቁጥር ሻለቃ በዚያ ወንበር ላይ ውሃው ጠብ ጠብ ሲልባት ንቅንቅ ሳትል ሰብሳቢውን እያየች ትቀመጥ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ከዓይን አይጠፋም። ጣሪያው ተጠግኖ እህትማማቾቹ ወደየቦታቸው መመለሳቸውን ግን ጠባቂው ልብ አላለም። ሄደና ያቺን፣ ውሃ ይንጠባጠብባት የነበረችውን ወንበር፣ አዞራት።

ጭምት ከእናቷ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ገቡ። ሦስተኛው ረድፍ ሲደርሱ እናቷ ቆመች። ከዚያ ክንዷን ለቀቀቻት። በኃይል አልነበረም። ሱቅ ውስጥ የራሱ መስሎት ያነሳው ዕቃ የሌላ ሰው መሆኑን ሲያውቅ ቀስ ብሎ የሚያስቀምጥ ሰው አለ አይደል? እንደዚያ ነው። ወደ ወንበሯ ሄዳ ተቀመጠችና ወደ ፊት አየች።

«እማዬ፣ ተሳስተዋል። እኔ ምንም አላደረግኩም» አለች ጭምት።

መዝሙሩ ተጀመረ። ወንበሩ የዞረበት ሰው አዳራሽ ውስጥ ከተናገረ መዝሙር ይነሳል፤ ድምፁን ከፍ ካደረገ መዝሙሩም ከፍ ይላል። ጭምት ድምፅ ከፍ ማድረግ አታውቅበትም። ሁለተኛው አንጓ ሳያልቅ ወጣች።

*

ሻለቃ ይህን ስትሰማ አውቶቡሱን መናኸሪያ ውስጥ አግድም አቁማ ወደ ሰብሳቢው ሮጠች።

«አባባ፣ እኔ ነኝ እኮ የወጣሁት! እሷ የት አውቃ!»

«ወንበር የሚያዞረው የሰው እጅ አይደለም፣ ልጄ» አሉ ሰብሳቢው፤ ይህ የጉባኤው ትምህርት ነው። እጁ የጠባቂው ይምሰል እንጂ የሚያዞረው መንፈስ ነው፣ መንፈስ ደግሞ አይሳሳትም።

«መንፈስ ጣሪያው መጠገኑን አልሰማም ማለት ነው?»

«አንደበትሽን ግቺ።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለሚስቅ ሰው ያስቃል። ያላመነችው ሻለቃ ወንበሯ ስላልዞረ ሁሉም መንገድ ላይ ያቅፏታል። «እህታችን፣ ጠፋሽብን እኮ! ሥራ ነው አይደል?» ይሏታል፤ ኬክ ጋግረው ያመጡላታል። «እኔ ትቻለሁ፣ አላምንም፣ እህቴ ናት የምታምነው!» ብላ ስትጮህ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። «አየሽ ፍቅር! የእህቷን ኃጢአት በራሷ ላይ ልታደርግ!» ይባባላሉ። ባስተባበለች ቁጥር ቅድስናዋ እየጨመረ ሄደ። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም ልጄን ባርኪልኝ አለቻት።

ያመነችው ጭምት ደግሞ አየር ሆነች።

የምትሠራበት መጋረጃ ቤት ባለቤት፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው፣ የጉባኤው አባል ናቸው። ሊያባርሯት አልፈለጉም፤ እንደ እሷ ጠርዝ የሚያጥፍ የለማ። ሊያናግሯትም አይችሉም። ስለዚህ ጨርቁን ማናገር ጀመሩ።

«አንተ ሰማያዊ» ይሉታል ጣቃውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ፣ «ወለል ድረስ ነህ፣ ታች ሰፋ ያለ ጠርዝ ይኑርህ። የሐኪሟ ሳሎን ነው የምትገባው፣ እንዳታሳፍረኝ።»

ጣቃው ዝም ይላል። ጭምት ትቆርጣለች።

ረዥም መጋረጃ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሰው ዳርና ዳር ይዞ፣ ወጠር አድርጎ፣ እየተራመደ መሀል ላይ ይገናኛል። ሌላውን ጫፍ የምትይዘው የጭምት አብሮ አደግ ናት፤ በልጅነታቸው አንድ አልጋ ላይ ተኝተው ያደሩ ናቸው። አሁን ጨርቁን ይዘው ይቀራረባሉ፣ ጣታቸው ሊነካካ ሲል ልጅቷ ጫፉን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና ዞር ትላለች። ጭምት ከጠረጴዛው ታነሳዋለች። ከእጅ ወደ እጅ መቀበል ክልክል ነው። አልሸሹም ዞር አሉ ይሉሃል እንዲህ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ጨርቅ ይዘው አይተያዩም።

ቤት ስትገባ ደግሞ ማንቆርቆሪያው አለ። እናቷ የምታወራው ከእሱ ጋር ነው።

«ዛሬ ብርድ ነው» ትለዋለች ምድጃው ላይ እየጣደችው። «በስስ ሸሚዝ የሚወጣ ሰው ምን ነክቶት ይሆን?»

«እሺ እማዬ፣ ሹራቤን እለብሳለሁ።»

እናቷ እጇን በፎጣ ታብስና ከወጥ ቤት ትወጣለች። መልስ ከተሰጣት መነጋገር ይሆንባታላ፤ መነጋገር ደግሞ ወንበሯን ያሰጋታል። ጭምት ይህን ስታውቅ መመለሱን ተወች። ዝም ካለች ቢያንስ የእናቷን ጀርባ እያየች ሻይ ትጠጣለች።

እንዲህ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ማን መታት? ማን ሰደባት? ጣሪያ አላት፣ ሥራ አላት፣ ሻይ አላት። ግን ሰው መኖሩን የሚያውቀው ሲመለስለት ነው። ደረጃ ላይ ትከሻዋን ገጭተዋት «ይቅርታ» ሳይሏት ሲያልፉ፣ ራሷም በእርግጥ የገጯት መሆኑን መጠራጠር ጀመረች። ድምፅዋ ሻገተ፤ ሱቅ ገብታ ዳቦ ስትጠይቅ እንደ አሮጌ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል። ማታ ማታ ሻለቃ እስክትመጣ ትጠብቃለች፤ ሻለቃ ግን ደክሟት ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ይጥላታል።

ትኩሳት የያዛት ሰሞን እናቷ በሩን ሁለት ጊዜ አንኳኩታ፣ ውሃና ኪኒን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ትሄድ ነበር። ጭምት ግድግዳውን ይዛ ሄዳ ታነሳዋለች። አንድ ጊዜ በሩን ስትከፍት የእናቷ ትንፋሽ ከመተላለፊያው ጥግ ተሰማት።

«እማዬ፣ ብሞትስ በምን ታውቂያለሽ?»

መልስ አልመጣም። ብርጭቆው ባዶ መሆኑን ግን እየመጣች ታይ ነበር።

ከዚህም የከፋ አለ። ጭምት ጥፋቷን መፈለግ ጀመረች። ስህተት መሆኑን ሻለቃ ነግራታለች፣ ጣሪያውን ታስታውሳለች፣ ሁሉንም ታውቃለች። ቢሆንም መንፈስ አይሳሳትም ተብላ ነው ያደገችው። ምናልባት ጠባቂው ተሳስቶ መንፈስ ያልተሳሳተ ከሆነስ? ተኝታ በሰባት ዓመቷ የሰረቀችውን ከረሜላ፣ በጸሎት መሀል የሳቀችውን ሳቅ፣ የጎረቤቱን ልጅ በመስኮት ያየችበትን ዓይን ሁሉ እያወጣች ትመዝን ጀመር። ንጹሕ ሰው ዝም ብለህ ብታስቀምጠው ራሱን ወንጀለኛ አድርጎ ያመጣልሃል። ለዚህ ዳኛም ፖሊስም አያስፈልግም፤ ዝምታ ይበቃል።

ያዳናት አንድ ባለጌ ሰውዬ ነው።

ከሕመሟ ተነስታ መንገድ ስትሻገር የአንድ ወፍራም ሰውዬ እግር ረገጠች። ሰውየው አበደ። «ዓይን የለሽም እንዴ? አንቺን እኮ ነው! ደንቆሮ ነሽ? ምን አፍጥጠሽ ታዪኛለሽ?»

ጭምት ኋላዋን ዞራ አየች። ሌላ ሰው አልነበረም። እሷን ነው።

«አለኝ!» አለች። «ዓይን አለኝ! ይቅርታ፣ ጌታዬ! በጣም ይቅርታ!» አለችና ሳቋ መጣ፣ ከሳቋ ጋር እንባዋ መጣ። ሰውየው ደነገጠ። «ምነው እህቴ፣ ይኼን ያህልማ አላመመኝም» እያለ መሐረብ ፈልጎ ኪሱን ሁሉ ዳሰሰ።

ቤት ገብታ ይህን ለሻለቃ አወራቻት። ሻለቃ ትስቃለች ብላ ነበር። ሻለቃ አልሳቀችም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ የእህቷን ቀጫጫ የእጅ አንጓ አየችና፣

«ዕቃሽን ሰብስቢ» አለቻት።

«እማዬስ?»

«እማዬ ማንቆርቆሪያ አላት።»

*

የተከራዩት ክፍል ከአንድ ጥርስ ሐኪም ክሊኒክ በላይ ነው፤ ቀን ቀን የመሰርሰሪያው ድምፅ በወለሉ ውስጥ ያልፋል። ጭምት ከመጋረጃ ቤቱ ወጥታ ሆስፒታል ስፌት ክፍል ገባች። አንሶላ፣ የቀዶ ጥገና ልብስ፣ የሕፃናት መጠቅለያ ትሰፋለች። እዚያ የሚሠሩት ሦስት ሴቶች ከጠዋት እስከ ማታ የሚጣሉ፣ ተጣልተው አብረው የሚበሉ ናቸው።

በመጀመሪያው ቀን አንደኛዋ፣ «መቀሱን አቀብዪኝ» ስትላት ጭምት መቀሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ዞር አለች።

«ውይ፣ እጄ እከክ አለበት እንዴ?»

ጭምት ቀላች። መቀሱን አንስታ እጇ ላይ አኖረችላት። ሴትዮዋ ጣቶቿን ሳትለቅ፣ «በረዶ ነሽ! ነይ ወደ ካውያው ጠጋ በይ» አለቻት።

መናገር የጀመረችው ቀስ በቀስ ነው፤ አንዴ ከጀመረች በኋላ ግን የሚያቆማት ጠፋ። የአውቶቡሱን፣ የጥርስ ሐኪሙን፣ የክሩን ጥራት፣ ያየችውን ሕልም ሁሉ ታወራለች። እነዚህ ሴቶች ጭምት መባሏን አያውቁም፤ «ሬዲዮ» ብለው አወጡላት። «ሬዲዮ፣ እስቲ ትንሽ ዝቅ በይልን» ሲሏት ትቀጥላለች። አፏን ከፍታ ስትስቅ ደግሞ የኋላ ጥርሷ ይታያል፤ እናቷ ያን ጥርስ መቼ እንዳየችው እንጃ።

እናቷን ግን አልረሳችም። እውነቱን ለመናገር ሁሉንም ነገር መርሳት ችላለች፣ ወንበሩን፣ መዝሙሩን፣ አብሮ አደጓን። የቀረባት አንድ ነገር ነው፤ እናቷ ዓይን ዓይኗን እያየች «አንቺ» ብላ እንድታናግራት ትፈልጋለች። ምንም ትበላት። ትስደባትም።

ሻለቃ ይህን ታውቃለች፤ አውቃም ዝም የምትል ሴት አይደለችም። አንድ የጉባኤ ቀን፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሳለ፣ የሹፌር ልብሷን ለብሳ ገባች። ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። ሦስተኛው ረድፍ ሄደች፣ የራሷን ወንበር በሁለት እጇ አነሳችና ፊቱን ወደ ግድግዳ ገጭ አድርጋ አዞረችው።

«ይኼኛው ነበር» አለች። «አሁን ትክክል ነው። እህቴን ፍቱልኝ።»

መዝሙር ይነሳ ወይስ አይነሳ የሚወስን ሰው ጠፋ። ግማሹ ጀመረ፣ ግማሹ ሰብሳቢውን አየ። ወንበር የሚያዞረው የሰው እጅ አይደለም ተብሏል፤ ይኼ እጅ ደግሞ መሪ ሲያሽከረክር ሁሉም ያውቀዋል። ያን ቀን ሰዎች ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እርስ በርስ መጠያየቅ ጀመሩ። ሴትየዋ «ይኼኛው ነበር» ያለችው ምን ማለቷ ነው? መጠያየቅ ደግሞ እዚያ ጉባኤ ውስጥ ከእሳት ይልቅ የሚፈራ ነገር ነው።

ጥቂት ቆይቶ የመጋረጃ ቤቷ እትዬ ሆስፒታሉ ስፌት ክፍል በር ላይ ብቅ አሉ። ጭምት ጣቃ ይዘው የመጡ መስሏት እጃቸውን አየች። ባዶ ነው።

«እንደምን ነሽ ልጄ?» አሉ። «ተፈቅዶልኝ ነው። አባባ ይፈልጉሻል። እናትሽም ትኖራለች።»

«ታናግረኛለች?»

«እሺ ካልሽ ታናግርሻለች።»

ከሦስቱ ሴቶች አንደኛዋ መርፌዋን ጥርሷ ላይ ይዛ፣ «እሺ የሚባለው ለምንድነው?» አለች። እትዬ አልመለሱላትም። ጭምት ግን ጥያቄውን ይዛው ሄደች።

*

የሰብሳቢው ክፍል ከአዳራሹ ጀርባ ነው። ጠረጴዛ፣ የብረት መደርደሪያ፣ አንድ የሚንጫጫ ማራገቢያ፤ መስኮቱ ላይ የተሰቀለውን መጋረጃ የሰፋችው ራሷ ጭምት ናት። እናቷ ግድግዳው ሥር ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋለች። ከስታለች። ጭምት ስትገባ ቀና አላለችም።

«እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉ ሰብሳቢው። ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆኑ ነገሩ ይቀል ነበር። «ብዙ ታገስሽ። ነገሩ እንግዲህ ቀላል ነው። በመጪው ጉባኤ ፊት ለፊት ትቆሚያለሽ። በድያለሁ፣ ተጸጽቻለሁ፣ ተመልሻለሁ ትያለሽ። ወንበርሽ ይመለሳል። እናትሽም ቤትሽም ይመለሱልሻል።»

«ምንድነው የበደልኩት አባባ?»

«እሱን መዘርዘር አያስፈልግም።»

«እኔ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ። በሕመም ተኝቼ ስፈልገው ነበር፤ ከከረሜላ በላይ አላገኘሁም።»

ሰብሳቢው ወደ ማራገቢያው ዞሩ። ማራገቢያው ይንጫጫል።

«ጠባቂው ወንበር መሳሳቱን መቼ ነው ያወቁት?» አለች ጭምት።

«ልጄ፣ ይኼ አሁን...»

«መቼ?»

«በዚያው ዕለት» አሉ ሰብሳቢው። ሽማግሌው መዋሸት አይወዱም፤ ዝም ማለት ነው የሚችሉት። «መድረኩ ላይ ቆሜ ስትገቢ ሳይሽ አወቅኩት።»

እናቷ ቀና አለች። ጭምት ይህን አየች። እናቷ ሰብሳቢውን ነው ያየችው፤ ፊቷ ላይ ያለው ግን ጭምት ከዚህ በፊት እዚያ ፊት ላይ አይታው የማታውቀው ነገር ነው።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ተሳስቻለሁ ብል ምን ይሆናል? ከዚህ በፊት የዞሩትስ? የእያንዳንዱ ሰው እናት መጥታ የእኔስ ልጅ ትለኛለች።»

«ትበልዎታ!»

«አንቺ ወጣት ነሽ፣ ጭምት ነሽ። ትችይዋለሽ ብዬ ነው።» ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብለው ጨመሩ። «አሁንም አልረፈደም። አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እህትሽ ወንበሯን በገዛ እጇ አዙራለች። ከእሷ ጋር መኖር አይቻልም። ማናገርም አይቻልም። ይኼን ታውቂያለሽ።»

 ጭምትን በትኩሳቱ ሰሞን ይህን ቢጠይቋት ኖሮ፣ ሰው ገድለሻል ቢሏትም እሺ ትል ነበር። አሁን ያን ፍርሃት በውስጧ ፈለገችው። የተነቀለ ጥርስ ቦታ በምላስ እንደሚፈለግ ዳሰሰችው፤ ክፍተቱ አለ፣ ሕመሙ የለም። ሽማግሌውን አየች። እኚህ ሰው ንጹሕ ነሽ እንዲሏት ስንት ወር ጠበቀች! ብለዋታል፣ አሁን፣ በገዛ አፋቸው። ብዙም አልደነቃት። ዕድሜዋን ሙሉ የተሸከመችውን ከረጢት ስታስቀምጥ ውስጡ ገለባ ሆኖ እንዳገኘች ሰው ትከሻዋ ቀለላት፣ ትንሽም አሳፈራት።

«አልፈልግም አባባ» አለች።

«አስቢበት።»

«አስቤበታለሁ። እህቴ ሾርባ ስታሞቅ ታሳርራለች፣ ታንኮራፋለች፣ ደግሞም ስጠራት አቤት ትለኛለች። በእሷ የምለውጠው ነገር እዚህ የለም።»

ተነሳች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ይህን ስትል ምን እንዳጣች ታውቃለች፤ እናቷን ላለማየት ወደ በሩ ዞረች።

«የት ነው የምትኖሩት?»

ድምፁ ከኋላዋ ነው። ጭምት ቆመች። ክፍሉ ውስጥ ማንቆርቆሪያ የለም። ዞራ ስታይ እናቷ ዓይን ዓይኗን እያየቻት ነው።

«እህቴ፣ እሺ አላለችም እኮ!» አሉ ሰብሳቢው።

«ሰምቻለሁ አባባ፤ ጆሮ አለኝ። አንቺን ነው የምጠይቅሽ፣ የት ነው ቤታችሁ?»

«ከ... ከሆስፒታሉ ጀርባ» አለች ጭምት። ያ ሁሉ ሬዲዮነት የት እንደገባ እንጃ፤ ቃላቱን አንድ በአንድ ነው የምታወጣቸው። «ጥርስ ሐኪም የሚል ታያለሽ፣ እሱ ላይ ነው፣ በጎን ባለው ደረጃ ትወጫለሽ። ደወሉ አይሠራም፤ አንኳኪ።»

«ደረጃው ዳገት ነው?»

«መያዣ አለው።»

«ያቺስ፣ ያቺ ወፈፌ፣ በደንብ ትበላለች?»

«ኧረ እሷ ምን ሆና! የእኔንም ጭምር ነው የምትበላው።»

«አንቺ ግን ወፈር ብለሻል» አለች እናቷ። «ተስማምቶሻል።»

«እህት!» አሉ ሰብሳቢው፤ አሁን ድምፃቸው ለስላሳ አይደለም። «የምታደርጊውን ታውቂያለሽ? ወንበርሽን አስቢ!»

እናቷ እጆቿን ጭኗ ላይ እንደገና አጣጠፈች። 

«አድራሻ ነው የጠየቅኩት» አለች። «አልሄድኩም እኮ፣ ገና።»

ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። ጭምትም ነይ አላለቻትም፤ ያን ደረጃ በራሷ እግር ነው መውጣት ያለባት። ቢሆንም ያች «ገና» ጆሮዋ ውስጥ ገብታለች፤ ከዚህ ሕንፃ ይዛው የምትወጣው ነገር ቢኖር ያቺው ቃል ናት።

«ደህና ዋዪ፣ እማዬ» አለች።

«ደህና ዋዪ፣ ልጄ።»

ጭምት ወጣችና በሩን ዘጋችው።